በእሷ በኩል

ወንድሜ ሊያገባ፣ ዝምድና ሲጣራ፣ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣
እኔ ከበሩ ሥር የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበር።
አባት ቆጣሪው፣ አለቃ ዘርጋው፣
እግሩን ለፀሐይ ሰጥቶ የሞተውን ሁሉ በስም ሲያወጋው፣
ጣቱን እያጠፈ፣ «አጥናፌ የወልዴ፣
ወልዴማ፣ ወልዴማ…» ብሎ ቆም አለ አንዴ።
ጣቱ አልታጠፈም። ጥቂት አጉረመረመ፤
«በእሷ በኩል» ብሎ ተሻግሯት ቀደመ።
አቅኚው አባት ጋ በሩጫ ደረሰ፤
«ዝምድና የለም፣ ይጋቡ» ተባለ፤ ነገር ተጨረሰ።

እኔ ግን እዚያው፣ ጣቱ ላይ ቀረሁ።
«እሷ ማን ናት?» ብለው፣ «ሴት ናት» አለኝ በቃ፣
ሰባት ቤት ሲቆጥር የዋለው አለቃ።

ስሟን የነገረችኝ አክስቴ ወደርየለሽ፣
ገብስ እያበጠረች፦ «ዛሬ ምን አስጠየቀሽ?
ማንያህልሻል ነው ስሟ፤ ክርስትናዋ ወለተ ሐና፤
እኔም ሰማሁ እንጂ አላየኋትም» አለችና
ሰፌዱን አስቀመጠች።

ከላሎ ምድር ናት። ጌራ ምድር ሲያመጧት
አንድ የወተት ጥርስ ገና አልወለቀላት።
ሠርጓ ሳምንት ሳይሞላው ወልቆ እጇ ላይ የቀረው፣
ባሏ ነው ይላሉ ጣራ ላይ የወረወረው።
ስሙ ዳምጠው ነበር። ልጅ አምስት ወለዱ፤
በፈንጣጣ ሁለት፣ በረኀብ አንድ ሄዱ።
ከብት ባለቀ ዓመት፣ ሰው በዶማ ሲያርስ፣
ዳምጠው ማሽላ ፍለጋ ቆላ እንደወረደ ቀረ ሳይመለስ።
አንዱ ወባ ይላል፣ አንዱ ሽፍታ ደርሶ፤
ቁርጡን አላወቀች፣ ለማን ትቀመጥ ለቅሶ?

ወልዴን አዝላ፣ ድንቄን በእጇ እየጎተተች፣
አባቷ ርስት ላይ፣ ላሎ ተመለሰች።
ወንድሟ ጎላ ከደጁ ቆሞ፦
«ሴት በባሏ እንጂ በአባቷ አትተከል፤
የወጣሽበት በር መግቢያሽ አይሆንም» ሲል፣
ምንም አልመለሰች።

እንዝርቷን አወጣች። ጥቁር የበግ ጠጉር በዱቤ ገዝታ
ዳኛ ቤት ስትሄድ ፈተለች፣ ስትመለስ ፈተለች፣ ጧትና ማታ፤
ቀጠሮ ሲራዘም ፈተለች፤ ዳኛው ሲታመም፣ ልጁን ሲያገባ፣
ወንዝ ሞልቶ ዘግቷት ከዳር ስትቀመጥ፣ ክረምት ሲገባ።
ለዋሱ አንድ ዝተት፣ ለዳኛው አንድ ባና፤
ነገረ ፈጁንም «ምላስህ ደከመ» አለችና፣
መቀነቷን አጥብቃ ራሷ ቆመች፣ በሦስተኛው ዓመት፦

«በላ ልበልሃ! እናታችን ስታምጥ
ለአንተ ሙሉ ሌሊት፣ ለእኔ ግማሽ ነው ምጥ?
አልተወለድሁ እንደሁ፣ በል ማን ነው የሚከስህ?
ጥላ ነው ሦስት ዓመት በር ለበር የሚያስኬድህ?»

ዳኛው ሳቀ አሉ፤ እንደሳቀ ፈረደ፤
ግን ከርስቱ ሁሉ ውርጭ የለመደ፣
ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ጠባብ ድርሻ፣
ጥማድ በሬ ዞሮ የማይመለስበት እርሻ።
የድንበሩን ድንጋይ ተሸክማ ወጥታ
በእጇ ተከለችው፣ ወልዴን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ሳትፈታ።
ዛሬም አለ። የትምህርት ቤት ልጆች ይቀመጡበታል።

«ድንቄስ የት ደረሰች?» ብዬ ጠየቅኋት፤
ሰፌዱን አነሣች። እሷም አላወቀቻት።

ያን ሌሊት አክስቴ ቤት፣ የጓሳ ብርድ ሲጸና፣
ከቆጡ አውርዳ አለበሰችኝ አንድ አሮጌ ባና፤
ጥቁር፣ ጠርዙ የተበላ፣
አንዱ ወርድ ደብዛዛ፣ ጠቆር ያለ ሌላው፣
መሐሉ ላይ በወፍራም ክር የተሰፋ ገላው።
«የእሷ ይሆን?» አልኋት። «ማን ያውቃል፣ ተኚ» አለች።

አልተኛሁም።
በጨለማው ውስጥ ጣቴን እያጠፍሁ፦ አጥናፌ የወልዴ፣
ወልዴ የማንያህልሻል፣
ማንያህልሻል የ…
እናቷን ማን ይነግረኛል?
ባናው ይኮሰኩሳል።