የይለፍ ቃል

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዊንያርድ ከተማ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ነፋስ እየተሰማ።
ፒካፖቹ ደጅ ላይ፣ እንደ ከብት በገመድ፣
ከሶኬት ታስረዋል፣ ሞተር እንዳይበርድ።

ስድስት ላፕቶፕ አለኝ፣ ሰባት ተማሪዎች፣
ሰባቱም ዕድሜ የጠገቡ ስንዴ ዘሪዎች።
ኦሬስት ጥግ ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣
ጣቱን ስክሪኑ ላይ ደጋግሞ ይጭናል፤
ስክሪኑ አይሰማውም።

ስልሳ ዓመት መፍቻና ሽቦ የላገው ቆዳ
ለመስታወቱ ሆድ ሆነበት እንግዳ።
"ሞቷል እንዴ ጣቴ?" አለና ሳቀ።
ማውስ ሰጠሁት። "አይጥ ማለት ነው" ስለው ይበልጥ ሳቀ፦
"ዕድሜዬን ሙሉ ከጎተራ ያባረርኳትን
ዛሬ አንተ ልታስይዘኝ ነው ጅራቷን?"

የዛሬው ትምህርት በር መክፈት ብቻ ነው፤
የስንዴውን ዋጋ ማየት የፈለገ ሰው
የይለፍ ቃል ያሻዋል።
"የማትረሱትን ጻፉ" አልኳቸው።

ኦሬስት አላሰበም።
በሁለት ጣት ብቻ፣ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ፣
ፊደልና ቁጥር ለቀመ አቀርቅሮ፦
በመንግሥት ካርታ ላይ የእርሻውን አድራሻ፤
አያቱ በመጥረቢያ ግንድ የነቀለበትን፣
አባቱ በሠላሳዎቹ አቧራ ያልሸሸበትን፣
ሚስቱን ሉባን ቀብሮ በማግስቱ የዘራበትን።

ማሽኑ ቀይ መስመር ከሥሩ አሰመረ፤
"ደካማ" ብሎ ጻፈ።

ሃልዶራ ከጎኑ መነጽሯን አወለቀች።
ማንም አልተነፈሰም።

"ደካማ? ማን? ይሄ መሬት?
በረዶ ቀድሞኝ አዝመራዬን የወቃ ለት፣
ባንኩ ሊወስደው በሬን ያንኳኳ ለት
ያልደከመውን፣ ይሄ ዕቃ ከየት አውቆት?"

ምን ልበለው? እኔ የተማርኩት ስለ ማሽን ነው፤
ስለ መሬት አንድም ቀን የጠየቀኝ የለ ሰው።
"ምልክት" አልኩት ቀስ ብዬ፣ "አንድ ምልክት ጎድሎታል፤
ነጥብም ይሁን ጥያቄ፣ የወደድከው ይበቃል።"

ጣቱ ከቁልፎቹ በላይ ብዙ ዋለለ።
ነጥቧን አለፋት። ጥያቄውንም አለፈ፤
ጎንበስ ብሎ ፈልጎ
ከእርሻው ቁጥር ኋላ ትእምርተ አንክሮ ጻፈ።

መስመሩ አረንጓዴ ሆነ፣ እንደ ሰኔ ቡቃያ፤
"ጠንካራ" ይላል።

"ነግሬህ ነበር" አለ፤
ለእኔ አይደለም፣ ለማሽኑ።
የስንዴውን ዋጋ ሳያይ ኮቱን ለብሶ ወጣ።
በመስኮት አየሁት፣
በዚያ ውርጭ ጓንቱን አውልቆ ገመዱን ሲፈታ።