ልብ አንጠልጣይ

ቀዩን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ሙሄ ልብስ ሰፊው፤
ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ በሩ ጠባብ፣ አምፖሉ ጠፊው።
ይመር ፊልም ሠሪው መጣ፣ ስድስት ሜትር ጨርቅ ተሸክሞ፣
«ጉም ውስጥ ከሩቅ የሚጮህ ቀሚስ!» አለኝ ከደፉ ቆሞ።
«ታሪኩስ?» አልኩት፣ የተዋናይቷን ልክ ስጽፍ በጠመኔ፤
«ታየዋለህ» አለ፣ «ልብ አንጠልጣይ ነው፣ ወገኔ።»

በዓመቱ ታየ። ሰው ጎረፈ፣ ከገራዶ፣ ከሸዋ በር፤
አዳራሹ ጠቦ ሁለት ሰው ባንድ ወንበር።
መብራት ጠፋ።
ጦሳ በራ።

ወላሂ፣ አርባ ሦስት ክረምት እዚሁ እግሩ ሥር ስኖር
ተራራዬን አላየሁትም ነበር፤
ጉሙ እንደ ተነደፈ ጥጥ ገደሉን ሲያለብሰው፣
አንድ ጠብታ ቀይ ቀሚሴ ነጩን ሁሉ ሲወርሰው፤
የሐረጎ ጠመዝማዛ በሌሊት ከላይ ሲታይ፣
የጭነት መኪናው መብራት፣ ዶቃ ነው ክር ላይ።
ሴትዮዋ መስታወት ፊት ቆማ ማጅራቷን አየች፤
ፊቷስ? አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤ እሷ ግን ሳቀች።
ሐጂ እንድሪስ አጠገቤ «ያ ረቢ!» ይላሉ፤
ባለቤታቸው ዓይናቸውን ሸፍነው በጣታቸው መሃል ያያሉ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው።

ባልየውን ማን ገደለው? ቁልፉ ከሐኪሙ ኪስ እንዴት ገባ?
ሁለቴ የሞተችው እህትስ ምን ልትል መጣች ይዛ አበባ?
ሐኪሙም እሷው ነበረች አሉን፣ ወደ ማለቂያው ግድም፤
እሺ፣ መርፌ ወግታ ያስተኛችው ማንን ነው? አይታወቅም።
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሌላ አላውቅም፤ ስፌት ግን አውቃለሁ፣
ጥለቱ አስደነቀኝ ብዬ አላልፍም፤ ጨርቅ ገልብጬ አያለሁ፦
ድር እንጂ ማግ የለውም፣ ክሩ ሳይቋጠር ተበጥሷል፣
እጅጌው ካንገት በቅሏል፣ ኪሱ ጀርባ ላይ ደርሷል።
ልብ አንጠልጣይ ነው ብለው ልቤን በመስቀያ ሰቀሉት፤
አምፖሉ በራ፣ ሰው ወጣ፣
አላወረዱት።

ይመር በሩ ላይ ነበር፣ አዲስ ጃኬት፣ እቅፍ በእቅፍ።
«ዓይኔ ጠግቦ ወጣ» አልኩት፣ «ጆሮዬ ግን ጦሙን አደረ።»
«ሙሄ፣ ታሪኩ ጉሙ ነዋ!» ብሎ ትከሻዬን መታ።
«ጉም አይለካም፣ ይመር፤ አይቆረጥም» አልኩትና ወረድኩ በዝናቡ፣ ማታ።

ሱቄን ስከፍት ኮቱ አለ።
የአህመዲን ነው፣ የታናሼ።
እጅጌውን አሳጥርልኝ ብሎ ሐሙስ ጧት ሰጠኝ፤
«ማታ እወስደዋለሁ» አለና በሐረጎ ወርዶ አመለጠኝ።
አሥራ አንድ ዓመት። ጠላት የለው፣ ዕዳ የለው፣ ደብዳቤም የለ፤
ፖሊሱ «ከዚያስ?» ይለኛል፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንደተከለ።
ከዚያማ
ጉም ነበር፣ አልኩት።
ያንን አልጻፈውም።

ይህ ለይመር ሰበብ አይሁነው። ለአህመዲን መግቢያ አልከፈልኩም፤
ለሱ ግን መቶ ብር ሰጥቻለሁ፤ ቋጠሮውን ሳይቋጥር አልምረውም።

ቢሆንም ማክሰኞ ተመለስኩ። ዓርብም። ትናንትም።
ቆራጩ ልጅ ያሲን ይስቃል፦ «ገዳዩን አገኘኸው?» አላገኘሁም።
ገዳይ አይደለም የምፈልገው። ሐረጎ ላይ፣ ልክ ቀሚሱ ሲዞር፣
በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ ካሜራው ትቶት ሲበር፣
አንድ ሰው ጉሙን ያልፋል፤ ሦስት እርምጃ ብቻ፤ ይሰወራል።
ትከሻውን ለክቼዋለሁ በዓይኔ።
በርዶታል፤ እጁን አጣጥፏል።
ኮት አልለበሰም።