ሊጠጣ የወረደ

ባሕሩ ከሸሸበት፣ ከሞይናቅ ወዲያ፣
ጥጡን አጠጣ አይትሙራት ከአሙ ዳሪያ፤
ሦስት ሌሊት ተራ ጠብቆ፣ ቦዩን ከፍቶ፣
ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ውሃውን አስተኝቶ።
ሲነጋ ቢያይ ጥጡ አንገቱን ደፍቷል፣
ውሃ መሀል ቆሞ ውሃ ተጠምቷል።
«ምን ጎደለህ?» አለው፣ አፈሩን ዳሰሰ፤
ጨው እንደ አመዳይ ጣቱን አለበሰ።

ጉልዚራ ልጁ ናት ነገሩን የፈታች፣
ማይክሮስኮፕ ከትምህርት ቤት ለምና ያመጣች።
የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ፣ ከመስታወት በታች፣
አንዲት ጠብታ የጨው ውሃ ጣል አደረገች።
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አባት ባንዱ አየ፤
ሐምራዊው ከረጢት ከግድግዳው ተለየ፤
ግድግዳው እንዳለ፣ ማዕዘኑ ሳይጎድል፣
ውስጡ ብቻ አንሶ መሀል ቁጭ ሲል።

«ውሃ አድልዎ ያውቃል፤ ጨው ወዳየለበት
ይሄዳል ሳይጠሩት፣ በስሱ ገለፈት፤
አፈሩ ከሥሩ በጨው ሲበልጥማ፣
ሊጠጣ የወረደ ይጠጣል፣ አባ፣ ስማ።»

ንጹሕ ውሃ ብታክል ውስጡ መለስ አለ፣
ጥግ ጥጉን ሞላ፣ ግድግዳውን አከለ።
«ይሄ ቶሎ ሲሆን ነው» አለች ልጅቱ፣
«ከዘገየን አይመለስ፣ ባዶ ይቀራል ቤቱ።»

አይትሙራት ቀና አለ። መስኮቱን አሻግሮ
የወንድሙን ቤት አየ፣ በሩ ተቀርቅሮ፤
ግድግዳው ደህና ነው፣ ኖራው አልተላጠም፣
ሰባት ክረምት ጢስ ግን ከጣሪያው አልወጣም።
አልማቲ ነው ወንድሙ፣ ገንዘብ ወዳየለበት፣
ማንም ሳይጠራው የሄደ፣ ባቡር ይዞ ሌሊት።

«ስንት ቀን ነው መዘግየት?» ጠየቃት ቀስ ብሎ፤
ጥጡን ይሁን ቤቱን፣ አልገባትም ቶሎ።
አካፋ ይዞ ወጣ፣ የጨው መውረጃ ሊምስ፣
በግራ እጁ ስልኩ፣ ጥሪው አልማቲ እስኪደርስ።