የመረቡ እርሳስ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ አጠገብ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣
መምህር አንለይ ቆሞ «ስሙ እንጂ አትንኩ» ሲል፣
ከሣጥኑ ወጣች የምስር ያህል ፍሬ፤
መቁጠሪያው ጀመረ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ወሬ።
ሽታ የላት፣ አትሞቅ፣ መልኳም ዝም ያለ፤
በመስኮቱ ወዲያ ይብራ ውሃው ላይ ዋለለ።

«ከአንዷ ቅንጣት» አለ «ሦስት ዓይነት ይወጣል፤
አልፋ ከባዱ ነው፣ አራት ያዝላል፤
ስንዝር ሳይራመድ ትንፋሹ የሚቆረጥ፣
በደብተር ቅጠል ላይ ወድቆ የሚቀመጥ።
ቆዳም ይመልሰዋል። የዋጡት ዕለት ነው
ቤት የገባ ሌባ፣ አጥር የማያግደው።

ቤታ ግን ወረቀት አልፋ ትሄዳለች፤
ቀላል ናት፤ ማግኔት ስታይ ትጣመማለች።»
የይታክቱን ምሳ ዕቃ ክዳን አቆመባት፤
አሉሚኒየም ነው፤ በቃት።

ጋማ ቀረ።
«ክብደትም የለበት፣ ማግኔትም አይስበው፤
ጋማውን ይዞ ማን፣ ጋማን የሚያቆመው?
እርሳስ ያለው አለ?»
ሠላሳ እርሳስ ወጣ፣ መቅረጫ የበላው።
ክፍሉ ሳቀ። የእኔን ግን፣ አምስት ድብልብል፣ መረብ ነው የሰጠው፤
ጥር ላይ ያለ ባለቤት የደረሰ ወደብ፣
ዓሣም እሱም የሌሉበት፣ የአባቴ መረብ።

መምህሩ አልጠየቀኝም። አምስቱን ደረደረ፤
የመቁጠሪያው ድምፅ ሳሳ፣ ሳሳ... ግን ነበረ።
«ይቀንሳል» አለን «እርሳስ አይጨርሰውም፤
ውፍረት ብትጨምሩም ጥቂት ማለፉ አይቀርም።»

ማታ እናቴ ትላለች፦ «ልጄ፣ እባክህ እርሳ።»
እሺ እላለሁ፣ እርሳሱ ኪሴን እያሳሳ፤
ከደሴቶቹ ወዲያ የአንድ ጀልባ ሞተር
ጠ...
ጠ... ይላል፤ እኔ ቆሜ ስቆጥር።