ሁለት መርፌ

መርጌታ ላቀው ናቸው በማለዳ የመጡት፣
ከጋቢያቸው ጉያ ማኅደር ያወጡት።
«ሠላሳ ዓመት ኖሮ ትናንት ተበጠሰ፤
ማንገቻው ነው እንጂ ቤቱስ አልፈረሰ።
ነገ ቆላ ድባ ንግሥ አለብኝ፣ ልጄ፣
በመኪና ምቺው፣ ማታ ይግባ እጄ።»

ተቀበልኳቸው።
ዐይኔ አልቀደመም፤ አውራ ጣቴ ነው ያወቀው፣
ጠርዙን ተከትሎ፣ ስፌት ስፌቱን ሲዳብሰው።
የአባቴ ነው።

አዛናው ወስፌ ይለው ነበር ሰፈሩ፣
ቀሃ ወንዝ ማዶ፣ ከነቆዳው ከነክሩ፣
የእርጥብ ሌጦ ሽታ ከጓዳ እስከ በሩ።
ቤታችን ሰም እንጂ ወርቅ ኖሮ አያውቅም፤
ቅኔ ለሚቆጥሩት ይህ ምንም አይደንቅም።
«የፋቂ ልጅ» ብለው አፍንጫ የያዙ
ልጆች ነበሩ ከጎኔ፣ አንድ ወንበር ላይ፤
አባቶቻቸው ግን ሲመሽ፣ በጓሮ በር፣ ኮርቻ ያዘዙ።

በሁለት መርፌ ነው አባቴ የሚሰፋው፣
አንዱ ከዚህ ሲገባ ሌላው ከዚያ ሲገፋው፣
በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ሁለት ክር ሲያሳልፍ፣
ክንዱን ግራና ቀኝ ዘርግቶ እንደ ክንፍ።
ትንሿ ጣቱ ላይ ክር የቆፈረው ቦይ ነበረ፤
ሕፃን ሆኜ ጥፍሬን እያስገባሁ እለካው ነበር፣
በየዓመቱ ትንሽ ይጠልቃል።
«ባልና ሚስት» ይላቸዋል ሁለቱን ጅማቶች፣
«አንዱ ቢበጠስ እንኳ አንደኛው አይለቅም።»
እናቴ ከምድጃው ዳር፦ «የትኛው ነው ቀድሞ የሚበጠሰው?»
እሱ ዝም።
ክሩን ሰም ይቀባዋል።

እኔ መኪና አለኝ።
ከመርካቶ የመጣ፣ በእቁብ የገዛሁት፣
አራዳ ሱቅ ይዤ መስኮት ሥር የተከልኩት።
ቀበቶ፣ የስልክ ቤት፣ የተማሪ ቦርሳ፤
እግሬን ጫን ሳደርገው የአባቴን ሙሉ ቀን
ሮጦ ይጨርሰዋል፤ ወገብ የለው፣ ዐይን።
ኪራይ ከፍሎልኛል፣ ወንድሜን አስተምሯል፤
ወጭት ሰባሪ አይደለሁም።
አንድ ነገሩን ግን ደንበኛ ባይሰማ እኔ አውቃለሁ፤
ክሩ አንድ ቦታ ካመለጠ እንደ ሐሜት ነው፣
ጫፉን ያገኘ ሁሉ ይተረትረዋል።

ምላጬን አነሣሁ፣ አሮጌውን ልፈታ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። እስከ ስምንት ድረስ
እንደ በቆሎ ፍሬ ተሰልፈው ቆዩኝ፤ እንቢ እያሉ ወጡ።
ዘጠነኛው ላይ ጠመመ።
ዐሥረኛው ዘጠነኛው ላይ ወጣበት።
ዐሥራ አንደኛው፣ ቀዳዳው አለ፣ ክር የለበትም።
ከዚያ ደግሞ ቀጥ፣ ምንም እንዳልሆነ።

ማን ነበር የጠራው?
ግብር ሊጠይቅ የመጣ የቀበሌ ሰው?
ቀሃ ሞልቶ ነው፣ የተዘፈዘፈ ሌጦ ሊወስድበት?
ወይስ እኔ ነኝ፣ ደብተሬን በሩ ላይ ጥዬ፣
«ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም» ብዬ
ያለቀስኩበት?

አላውቅም። እሱም አልተናገረ።

እኔ ግን ስንት መቶ ቦርሳ ሰፍቻለሁ፣
በሠልስቱ ማግስት እንኳ ሱቅ ከፍቻለሁ።
የዚያን ቀን ቦርሳ ዛሬ ቢያመጡልኝ
በሠርጌ ሳምንት ከሰፋሁት ለይቼ አላውቀውም፤
ሁሉም ቀጥ ያለ ነው።
መኪናዬ አልቅሶ አያውቅም።

ምላጩን አስቀመጥኩ።
የአዲሱን ማንገቻ ጠርዝ በመኪና፣ በአንድ ትንፋሽ፤
ስምንቱን ስፌት ግን በሁለት መርፌ፣ በራሱ ቀዳዳ፣
እስኪመሽ፣
እየተወጋሁ።
ከዘጠኝ ወዲያ ያለውን አልነካሁም።

መርጌታ ማታ መጡ። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠርገው
አዩት፣ ገለበጡት፣ በጥፍራቸው ቆጠሩት።
«እዚህ ጋ ዘለልሽ።»
«እሱ የቆየ ነው፣ የኔታ።»
«ስንት ልክፈል?»
«የመኪናውን ብቻ።»