አንቱ

ስሜን አባቴ ነው ያወጣው፣ «ዓለማንተ» ብሎ፣
የደስታውን ልክ ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ።
ሃያ ሁለት ዓመት ተሸከምኩት፤
ጫፉ ላይ ያለችውን «አንተ»፣ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር፣ አነከስኩባት።
«እኔ» ስል ብቻ ነበር የማርፈው፤
«እኔ» ወንድም ሴትም አይል፣ ማንም አይጠይቀው።

ሰዓት አዳሽ ነው አባቴ፣ አራዳ፣ ከደረጃው ሥር፤
ከሰው ይልቅ ከሞላና ከጥርስ ጋር የሚነጋገር።
የነገርኳቸው ምሽት፣ ግንቦት፣ በልደታ ማግስት፣
እናቴ «ጸበል» አለች፤ እሱ ዝም አለ፣ እንደ ቆመ ሰዓት።

ከዚያ ወዲያ «አንቱ» አለኝ።
«አንቱ፣ ራት ቀርቧል።»
«አንቱ፣ በሩን ይዝጉት።»
አንቺ ማለት አቃተው፣ አንተ ማለት ፈራ፣
በክብር አጥር ዙሪያ እየዞረ አወራ።
እትዬ ጠጂቱ፣ ጎረቤታችን፣ ሳቁ፦
«ልጅህ ቀኝ አዝማች ሆነ? ወይስ መነኮሰ?»
እሱ ማጉያ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ።

ክብር እንዲህ እንደሚበርድ አላውቅም ነበር።
እንቅልፌ ከቤት ወጥቶ ቀረ።
ቀሃ ድልድይ ላይ ቆሜ ድፍርስ ውሃ ሳይ ያመሸሁባቸው ቀናት ነበሩ።
አንድ ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ጻፈች፣ ጻፈችና፣
«መድኃኒቱን ትወስጃለሽ» አለች። «ቤት ውስጥ ግን ማን ነው በስምሽ የሚጠራሽ?»
ጣቶቼን አየሁ።
የምትታጠፍ አንዲትም አልነበረችም።

ነሐሴ። መብራት ሄዷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል፤
አባቴ ቤት ይዞት በመጣው ሰዓት ላይ አጎንብሷል።
ብሎኗ ከወረንጦው አመለጠች፣ ከጤፍ የማትበልጥ፣
ወለሉን ሲዳብስ ሰማሁት በጨለማው ውስጥ።
«ኧረ ነይ!» አለ። «ዓለማንቺ፣ ነይ አብሪልኝ!»
ማንን እንደጠራ ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ።
እናቴ ጓዳ ሽንኩርት መክተፉን አቆመች፤
እሱም ያለውን ሰማው፣ እጁ ወለሉ ላይ ቀረች።
አልደገመውም።
አላረመውም።

ስልኬን አበራሁ፤ ተንበረከክን፣ ግንባር ለግንባር፣
ከአልጋ ሥር፣ ከምንጣፉ ጠርዝ ስንበረብር፣
«ወደ እግርሽ ነው የወደቀችው... እንዳትረግጫት... ቀስ በይ...»
ሲነጋጋ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ።

ብሎኗ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።
ሌላ ገዛላት።
እንግዳ ሲመጣ አሁንም አልፎ አልፎ «አንቱ» ይለኛል።
ሰዓቱ ግን ይሠራል፤
በቀን ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።