ሳር ቅጠሉ

«ስምን መልአክ ያወጣል» ይላል የኛ ተረት፤
በባልቲክ ባሕር ላይ፣ በሂዩማ ደሴት፣
መልአኩ የባላባት ጸሐፊ ነበር፣
ቀለሙ በብርድ እንዳይደርቅ ትንፋሹን የሚያበድር።
ገባሩን አሰልፎ ጠየቀ፦ «ከየት ነህ?» «ከደሴት።»
«አንተስ?» «እኔም።» «አንተስ?» «ጌታዬ፣ ያው ከደሴት።»
ሰለቸው። በነሱ ቋንቋ ደሴት «ሳር» ነው፤
«ሳር» ብሎ ጻፈው፤ የኋለኛውንም እንደዚያው።
እስከ ምሳ ሠላሳ ሳር፣ ከምሳ ወዲያ ሃምሳ፤
በእኛ ቋንቋ ቢጠሩ በሬ ጆሮውን ባነሳ።
በደም ሳይዛመዱ በቀለም ተዛመዱ፣
በአንድ ቀን፣ በአንድ ብዕር፣ ከአንድ ቀንድ ተቀዱ።

ዘመን ሄደ፣ ገባርነት ቀረ፣ ልጆቹ ፊደል ቆጠሩ፤
ፊደል የቆጠረ መች ዝም ይላል? ጀመሩ።
ሳር ቅጠሉ ጻፈ።

የካርድላ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያው ያፈሰሰ ዕለት
(ጥር ነበር፤ በበረዶ ፈንታ ዝናብ የጣለበት)
ማልቪ ባልዲ አስቀመጠች፣
የራሰውን መደርደሪያ አንድ ባንድ አወረደች፤
ብታይ፣ ሁሉም ሳር።
ማሞቂያው ላይ አሰጣቻቸው፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ፣
እንደ ትናንሽ ድንኳን።

ቴዎዶር ሳር፣ የስብከት መጽሐፍ። ማንም አልተዋሰው፣
አበባ ልታደርቅበት ከፈለገች ከአንዲት ኮረዳ በቀር፤
አበባው ዛሬም አለ፣ በገሃነም ምዕራፍ ሥር።
ሜይንሃርድ ሳር፣ «ንብ በብርድ አገር»፤
በገጽ ሠላሳ ኅዳግ፣ በእርሳስ፦ «ውሸታም! ሞክሬው ነበር።»
ቫምቦላ ሳር፣ የትራክተር ጥገና፤
የመጀመሪያው ገጽ ለፓርቲው ምስጋና፣
ንጹሕ ነው፣ ማንም ያልነካው፤
ዘጠነኛው ግን የስንት ገበሬ አውራ ጣት በቅባት ያጠቆረው።
ኤሪካ ሳር፣ ስልሳ አንድ ዓይነት የዓሣ አሠራር፤
ስልሳ አንደኛው «ዓሣ ሲጠፋ» ይላል። ድንች ነው። በጣም አጭር።
ኡርማስ ሳር፣ ሰባት የወንጀል ልብ ወለድ፤
በሰባቱም ገዳዩ በጀልባ የመጣ ነው፣ አይገድልም ዘመድ ዘመድ።
አሊዴ ሳር ደግሞ፣ የወተት ተቆጣጣሪዋ፣
አርባ ገጽ የፍቅር ግጥም፤ ስሙን አልጠራም አፏ፤
የጥርስ ሐኪሙ እንደሆነ ግን ደሴቱ ሁሉ ያውቃል፣
በየገጹ «አፌን ከፈትኩልህ» ይላልና።

ከሰዓት በኋላ ካልዮ ሳር መጣ።
የአንዳቸውም ዘመድ አይደለም።
በብርዱ ወራት ባሕሩ ሲጋገር፣ መኪና በላዩ ሲነዳ፣
ውፍረቱን እየበሳ የሚለካ፣ ለበረዶ መንገድ ዘበኛ፣
አርባ አንድ ዓመት።
ጫማውን በሩ ላይ አራገፈ፣
ስሙን በየሽፋኑ እያየ፣ ፈገግ እያለ አለፈ፤
ከኮቱ ኪስ ደብተር አወጣ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፤
«ይሄም ሳር ነው» አለ፣ «ቦታ ካለ።»

ማልቪ ገለጠችው።

የካቲት ሦስት፦ ሃምሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ጥሩ።
የካቲት ዘጠኝ፦ ሃምሳ ስምንት። የጭነት መኪና ይለፍ።
የካቲት ሃያ ስድስት፦ ሃያ ዘጠኝ። ሲሰነጠቅ ሰማሁ። መንገዱን ዝጉ። ወንድሜን መልሱት።
የካቲት ሃያ ሰባት፦ አልለካሁም።

ከዚያ ባዶ ገጽ። ከዚያ እንደገና ቁጥር፣
ዓመት ከዓመት እየሳሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ ሁለት፣ አሥር፤
በመጨረሻዎቹ ገጾች አንድ ቃል ብቻ፣ በየመስመሩ፦
ውሃ።
ውሃ።
ውሃ።

«የት ክፍል ላግባው?» አላለችም። ማኅተሟን ተነፈሰችበት፣
ደረቅ ቀለሙ እስኪርስ፤ ሽፋኑ ላይ አሳረፈችበት፣
«ሳር፣ ካልዮ» ብላ ጻፈች። በፊደል ተራ ሲሄድ
ከዓሣውና ከንቡ መካከል ሆነ ቦታው።

ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል። ጠብ።
ካልዮ ሊወጣ ሲል ጎንበስ አለ፣ እርሳሱን ወደ ታች ሰደደ፣
እርጥቡ ያለቀበትን በጥፍሩ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደ፤
«አሥራ አንድ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ማልቪ ጻፈችው።